ሁለቱ ፕሮግራሞች

ሸቤ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሆሴዕ ሎምበሶ፤ ሊሙ፣ ቡና እርሻ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። «አለሁ» ይብቃህ።

ደብዳቤህን ሾፌሩ ጅብሪል እጄ ላይ ሰጠኝ። ቡና ሊጭን ሸቤ ሲመጣ መኪናውን የሚያቆመው ከአክስቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። «ሊሙ እርሻ ላይ አንድ ረጅም የከንባታ ሰው አለ፤ ሰው ሥራ ጨርሶ ሲያርፍ እሱ ይሮጣል። ስለ ታመመው የሸቤ ሯጭ እያወራሁ ስምህን ብጠራ፣ አውቀዋለሁ አለ» ብሎ አጫወተኝ። ፖስታው ላይ ያንተን የእጅ ጽሑፍ ሳይ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ከአትሌቲክስ ክለቡ ተይዘህ ከወጣህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የት እንደደረስክ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልጠየቅሁም። ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።

ስለ እግሬ የሰማኸው እውነት ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ለውጭ አገሩ ውድድር ተመርጬ ዝግጅት ገባሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳገት ስንወጣ የቀኝ ተረከዜ ጅማት ተበጠሰ። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ያመኝ ነበር፤ ለአሠልጣኙ አልተናገርኩም። አውሮፕላኑ ላይ የወጣው ሌላ ሰው ነው። አምስት ወር በምርኩዝ ሄድኩ። ከዚያ ክለቡ አልጋዬን ለሌላ ሰጠ።

ጅማ መመለስ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ስመረጥ የሰፈራችን የአወቱ መንደራ ቀበሌ በግ አርዶ ነበር። አባቴን ታስታውሰው እንደሆነ ልብስ ሰፊ ነው፤ በዕድሜው ስብሰባ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው የዚያን ቀን ጭብጨባ ተቀበለ። እዚያ ሰፈር በምርኩዝ ልገባ? ሸቤ ወርጄ የአባቴ እህት ቤት፣ አዳዳ ዙቤይዳ ጋ ተደበቅሁ። እዚህ ደግሞ ወባ አገኘችኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ፤ በመካከሉም ታይፎይድ። ትንሽ ሲሻለኝ እሮጣለሁ፣ እሮጥና እወድቃለሁ። አሁን የአዳዳን ቡና ፀሐይ ላይ እየገለበጥኩ ነው የምውለው።

ለምን እንደታሰርክ የሰማሁት ነገር እንዳለ ጠይቀኸኛል። የሰማሁት የለም።

አንድ ነገር ልለምንህ። በክለቡ ውስጥ የአሠልጣኙን ደብተር እየገለበጥክ ታነብ የነበርከው አንተ ብቻ ነበርክ። እኔ የሚሰጠኝን ከመሮጥ በቀር የማውቀው የለም። ከሕመም የሚነሣ ሰው እንዴት ነው የሚመለሰው? ፕሮግራም ጻፍልኝ።

ቲጃኒ አባቢያ


ሊሙ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለቲጃኒ አባቢያ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አሁን የቀይ ቡና ጊዜ ስለሆነ ማጠቢያው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነኝ፤ ስለዚህ ረጅም አልጽፍም።

ሥራው ከባድ ነው ወይ ብለህ በጅብሪል ጠይቀኸኛል። ከእስር ቤት ይሻላል። ቤት አለኝ ወይ ብለሃል። ከአራት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አለሁ። ከከንባታ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ይስማሙኛል።

ፕሮግራሙ ይኸውልህ። የመጀመሪያ ሳምንት በየቀኑ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ሳትቆም። ሁለተኛ ሳምንት አሥራ ሁለት። በሦስተኛው ሳምንት በሁለት ቀን አንዴ ዳገት አስገባ፤ አሥር ጊዜ ወጥተህ አሥር ጊዜ ትወርዳለህ። ዕረፍት አያስፈልግህም፤ አርፈሃል። ተረከዝህ ቢያምህ ማሟሟቂያ አብዛለት። ሰውነት ሰነፍ ነው፤ ካልገፋኸው አይመለስም።

በግንቦት ጅማ ላይ የክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮና አለ ይባላል። ለዚያ ትደርሳለህ።

እግዚአብሔር ያበርታህ።

ሆሴዕ


ሸቤ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሆሴዕ

እንደምን አለህ? ይህን ያህል ጊዜ በመዘግየቴ ይቅርታ። እጄ ብዕር መያዝ የጀመረው በዚህ ሳምንት ነው።

ፕሮግራሙ እንዴት ሆነ ብለህ በጅብሪል ጠይቀኸኛል። አሳፈርኩህ። አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየሁት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስምንቷን ኪሎ ሜትር ጨረስኩ፤ ተመልሼ ግቢው አጥር ላይ ተደግፌ አስመልስ ነበር፤ ግን ጨረስኩ። አዳዳ ዙቤይዳ «ሱታ፣ ልጄ፣ ሱታ» ትለኛለች፤ ቀስ በል ማለቷ ነው። እኔ ግን ሆሴዕ ያውቃል፣ ሆሴዕ ሰውነት ሰነፍ ነው ብሏል እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አሥራ ሁለቱን ልጨርስ ስል ተረከዜ እንደ ፍም ጋለ። መንገድ ዳር ቁጭ ስል ብርድ ብርድ አለኝ። ማታውን ወባዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውስም። አዳዳ እንደምትለው ስድስት ቀን ሰው አልለየሁም። ድሬሰር ደበበ ከክሊኒኩ እየመጣ መርፌ ወጋኝ። በሰባተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ ትራሴን አንሥቶ ከሥሩ የሰበሰብኳቸውን እንክብሎች ይዞ ቆሟል። ባለፉት ጊዜያት የሰጠኝ ክሎሮኪን ነው። ትኩሳቱ ሲለቀኝ መዋጥ አቁሜ የተረፈውን እዚያ እደብቀው ነበር፤ መራራ ነው፣ ደግሞም ሆድ ውስጥ እያለ አያስሮጥም። ደበበ ያልሰደበኝ ይመስልሃል? «በሽታ የሚመላለስብህ ግማሽ ሰው ስለሆንክ ነው፤ ግማሽ ትታከማለህ፣ ግማሽ ትናገራለህ» አለኝ። አዳዳ ፊት ነው የተናገረው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ግማሽ ትናገራለህ ያለው ስለ መድኃኒቱ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ስለዚህ አሁን ልጻፍልህ። ይህን ደብዳቤ ጅብሪል በእጁ ስለሚያደርስልህ የሚያነበው አንተ ብቻ ነህ።

በጥቅምት «የሰማሁት የለም» ያልኩህ ውሸት ነው። አንተ በተያዝክበት ሰሞን ለውጭ አገሩ ውድድር ከእኛ ክፍል የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ጅማቴም እያመመኝ ነበር፤ አንተም ከእኔ ትፈጥን ነበር። ረቡዕ የውይይት ክበቡ ሲካሄድ አንተ ልምምድ ላይ ነበርክ። ካድሬው ጓድ ሣህሉ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከመኝታ ቤታችሁ ነው የተገኘው። የማን ነው?» አለ።

እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ የእኔ ሊሆን አይችልም። ዝም ብል ምንም አልሆንም ነበር። «የሆሴዕ ነው» አልኩ።

«ሌላስ?» አለኝ።

ሌላ ምንም አልነበረም። እኔ ግን «መፈክር ሲባል እጁን አያነሣም፤ እኛንም አታንሱ ይለናል» አልኩ። አታንሱ ብለኸን አታውቅም። ማታ ማታ ብቻህን ታነብ ነበር፤ መብራቱ እንዳይረብሸኝ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ። ጓድ ሣህሉ ጻፈው፤ አስፈረመኝ። በማግስቱ ወሰዱህ። በሳምንቱ ስሜ ተለጠፈ።

ይቅር በለኝ ለማለት ብዕሬ አይታዘዝልኝም። እንድታውቀው ብቻ ነው። ፕሮግራም የጻፍክለት ሰው ይህ ነው።

ቲጃኒ


ሊሙ፣ የካቲት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለቲጃኒ

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆነ። ጅብሪል ሁለት ጊዜ መጥቶ «መልስ የለህም?» ብሎኝ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ። «ይቅር ብዬሃለሁ» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። «ይቅር አልልህም» ብዬም ጀምሬ ቀደድኩት። ስለዚህ የሆነውን ብቻ እጽፍልሃለሁ።

የጻፍክልኝን አውቅ ነበር። በታሰርኩ በሁለተኛው ሳምንት ቃለ ጉባኤውን አነበቡልኝ። ስምህ ሁለት ቦታ ላይ ነበር፤ ፊርማህንም አሳዩኝ። የቲ ፊደልህን አውቃታለሁ። ለምን እንደታሰርክ ሰምተሃል ወይ ብዬ የጠየቅሁህ እያወቅሁ ነው። ምን እንደምትል ልይ ብዬ ነው።

አሁን የእኔን ስማ። ጅብሪል በመስከረም እዚህ መጥቶ ሸቤ ላይ አንድ ሯጭ ወባ እያመላለሰ ጣለው፣ እግሩም ተበጥሷል ብሎ ሲያወራ ስምህን ጠራ። ደስ አለኝ፣ ቲጃኒ። እራቴን በላሁ፣ ጸሎቴን አደረስኩ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከዚያ ጻፍኩልህ። አዝኜልህ አልነበረም፤ እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ነበር።

ፕሮግራም ስትለምነኝም ጻፍኩልህ። ከወባ ለተነሣ፣ ጅማቱ ለተበጠሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ስምንት ኪሎ ሜትር አይሰጥም። በአሠልጣኙ ደብተር ውስጥ እንደዚያ የሚል የለም። እኔ ራሴ ከእስር ስወጣ እግሬ አብጦ ሦስት ሳምንት በእርምጃ ብቻ ነው የቆየሁት። አውቅ ነበር። «ዕረፍት አያስፈልግህም» ብዬ ስጽፍ ምን እንደምጽፍ አውቅ ነበር። ከሥሩ ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም አስገባሁበት።

አንተ ስድስት ቀን ሰው ሳትለይ ተኝተህ ስትነሣ «አሳፈርኩህ» ብለህ ጻፍክልኝ። እሱን ካነበብኩ ወዲህ ከእነዚህ ልጆች ጋር ተንበርክኬ መጸለይ አቅቶኛል። እየወጣሁ ውጭ እቆማለሁ። ብትሞት ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ በጅብሪል መኪና የሄደ አንድ ወረቀት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁለተኛው ፕሮግራም ነው። የእርሻውን ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ብርሃንነሽን ጠይቄ፣ ከማውቀውም ጨምሬ ጻፍኩት። ካላመንከኝ ለድሬሰር ደበበ አሳየው።

መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ እንክብል ዋጥ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ተራመድ እንጂ አትሩጥ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ደረጃ ላይ በጣቶችህ ቆመህ ተረከዝህን ቀስ አድርገህ ዝቅ አድርግ፤ አሥራ አምስት ጊዜ። በአራተኛው ሳምንት መንገዱ ላይ ያሉትን የስልክ እንጨቶች ተከተል፤ አንድ እንጨት ትሮጣለህ፣ ሁለት እንጨት ትራመዳለህ። አሥር እንጨት ሲሞላ ብትችልም ተመለስ። በሳምንት የምትጨምረው ሁለት እንጨት ብቻ ነው። ከሳምንቱ ሁለት ቀን ታርፋለህ። ጠዋት ከአልጋህ ሳትወርድ የልብህን ትርታ ቁጠር። ከወትሮው በአሥር ከበለጠ የዚያን ቀን አትውጣ። ትኩሳት ከያዘህ፣ ትኩሳቱ የቆየበትን ቀን ሁለት እጥፍ ጠብቅ።

የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ። ያልሆነውን አትጻፍልኝ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ሆሴዕ


ሸቤ፣ መጋቢት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለሆሴዕ

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ተናደድኩ። ወላሂ፣ የጅብሪል መኪና ላይ ወጥቼ መጥቼ ልደበድብህ ፈልጌ ነበር። በሦስተኛው ቀን በምን አፌ ነው የምናደደው አልኩ። መናደዴም አሳፈረኝ። ይህን የጻፍኩት የሆነውን ጻፍ ስላልከኝ ነው።

ፕሮግራሙን ለደበበ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ «ይህንን የጻፈው ሰው ይወድሃል» አለ። የመጀመሪያውን አላሳየሁትም።

ልምምዱ እንዴት ነው ካልክ፤ ያሳፍራል። ሦስት ሳምንቱን ተራመድኩ፤ አሁን እንጨቶቹ ላይ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ነው የምወጣው። አንድ እንጨት እሮጣለሁ፤ ሮጥኩ ከተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሙዝ ተሸክመው ገበያ የሚሄዱ አንዲት እናት ከኋላዬ ደርሰው አለፉኝ። ዞር ብለው «ማል ታቴ?» አሉኝ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። አሥር ሺህ ሜትር ውስጥ ሰው ደርቤ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ቁጭ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ፤ እስኪርቁ ድረስ። በማግስቱም ተገናኘን። የዚያን ቀን «አሞኝ ነበር» አልኳቸው። «አላህ ያሽርህ» ብለው አንድ ሙዝ ገንጥለው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማ ማሰር ትቻለሁ።

የልቤ ትርታ ሃምሳ ስድስት ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ስቆጥር ሰባ አራት ሆነ። ሰውነቴን ምንም አላመመኝም፤ ሰማዩም ደስ ይል ነበር፤ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ድሮ ብሆን እወጣ ነበር። ተመልሼ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ መጣ። ደበበ «ቶሎ ያዝናት» አለ፤ በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። እንክብሎቹን ሁሉ ዋጥኩ። አዳዳ ዙቤይዳ ትራሴን አንሥታ ፈትሻለች፤ ምንም አላገኘችም።

አራት ቀን ጠበቅሁ፤ ተመልሼ ወጣሁ። አሁን አሥራ ሁለት እንጨት ነው። ተረከዜ ጠዋት ጠዋት ይገትረኛል፤ አያምም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በግንቦት ጅማ ላይ ትሮጣለህ? የእርሻው ሠራተኛ እንደመሆንህ ለእርሻው መሮጥ ትችላለህ ብዬ ነው።

ቲጃኒ


ሊሙ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለቲጃኒ

አሥራ ሁለት እንጨት ብዙ ነው። ማክሰኞ ወደ ቤት መመለስህ ከአሥራ ሁለቱም ይበልጣል።

በግንቦት አልሮጥም። ያልሆነውን አልጽፍም ስላልኩ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። የእርሻው ስፖርት ኮሚቴ አምና ሊያስመዘግበኝ ለክለቡ ጽፎ ነበር። የመጣው መልስ «ፀረ አብዮት ቅስቀሳ ሲያካሂድ በመገኘቱ ከውድድር የታገደ» የሚል ነው። መጽሐፉ ብቻ ቢሆን በማስጠንቀቂያ ያልፍ ነበር ብሎኛል ኮሚቴው። የከለከለኝ «አታንሱ ይለናል» የምትለዋ ናት።

ይህን የጻፍኩት ስለጠየቅኸኝ ነው። ምንም አድርግ ማለቴ አይደለም። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ምንም አድርግ ማለቴ አይደለም። ጊዜው ምን እንደሆነ ታውቃለህ።

እኔ አሁን ቡና ግረዛ ላይ ነኝ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ እንቆርጣለን። ከሥራ በኋላ አሥር ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ለምን እንደምሮጥ የሚጠይቁኝ አሉ። በማግስቱም እሮጣለሁ።

ሆሴዕ


ጅማ፣ ግንቦት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለሆሴዕ

አድራሻውን ስታይ ይገርምህ ይሆናል። ጅማ ነኝ፤ አባቴ ቤት።

ውድድሩ እንዴት ነበር ብለህ ልከህብኛል። አልሮጥኩም። ለመሮጥ ግን መጥቼ ነበር፤ ለአምስት ኪሎ ሜትሩ ተመዝግቤ ቁጥር ተሰጥቶኛል። ልጨርሳት እችል ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት ከአርባ እንጨት በላይ ሳልራመድ ሮጫለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ በሳምንት ሁለት ብቻ የምትለውን አላከበርኩም፤ ውድድሩ ደርሶብኝ ቸኮልኩ። በውድድሩ ቀን ጠዋት ጓደኛዬ ቤት አድሬ ስነሣ ትርታዬን ቆጠርኩ። ሰባ ሦስት። እንደገና ቆጠርኩ። ሰባ ሦስት።

የመሮጫ ቁጥሩን ለአዘጋጆቹ መለስኩ። ከዚያ መሸሽ እችል ነበር፤ ግን አልሸሸሁም፤ በኪቶ ፉርዲሳ በኩል ሯጮቹ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆምኩ። የአወቱ መንደራ ሰዎች ነበሩ። አንዱ «ቲጃኒ አይደለህም እንዴ? ለምን አትሮጥም?» አለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«አሞኝ ነበር። ገና አልዳንኩም» አልኩ።

«ውጭ አገር ያለህ መስሎን ነበር» አለ።

«አልሄድኩም። እግሬ ተበጥሶ ቀረሁ» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ሯጮቹ መጡ፤ ሰውዬው ወደ እነሱ ዞሮ ማጨብጨብ ጀመረ። ሁለት ዓመት የሸሸሁት ይህንን ነው፤ ከዚህ በላይ ግን አልቆየም።

አባቴ ግን ከኋላ ቆሞ ሰምቷል። መምጣቴን አላወቀም ነበር። እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። ግንባሬን ነክቶ ተኛ አለኝ። ትኩሳቱ የመጣው ማታ ነው።

ሲለቀኝ፣ የምትለውን ቀን ቆጥሬ፣ ሌላ ነገር አደረግሁ። አንተ አድርግ አላልክም። በክበቡ ላይ «አታንሱ ይለናል» ብዬ የሰጠሁት ቃል ሐሰት እንደሆነ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አንዱን ለክለቡ በፖስታ ላክሁ። ሁለተኛውን እዚሁ ስፖርቱን ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠሁ። የተቀበለኝ ሰው አንብቦ «ይህን ከማስገባትህ በፊት አስብ። ራስህን ነው የምትከሰው» አለ። አስቤያለሁ አልኩት። ሦስተኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ማኅተም አለው። ለኮሚቴህ አሳየው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አልሮጥኩም። በሕመም አይደለም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

ቲጃኒ


ሊሙ፣ ሰኔ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለቲጃኒ

ዘጠኙን ቀን አልጠየቅሁህም፤ ተነገረኝ። በቀበሌው እስር ቤት እንደነበርክ፣ ምግብ የሚያመላልሱልህም አባትህ እንደነበሩ አውቃለሁ። ነጋሪዬ ራሳቸው ናቸው። አንተ ግን ይህን የምታውቅ አይመስለኝም፤ አጋሮ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ነው የወጡት።

ባለፈው ዓርብ ከግረዛ ስንመለስ ከመኝታ ቤታችን ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ኮታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ከመገንጠያው ጀምሮ በእግራቸው መጥተዋል። «ሆሴዕ የሚባለው ማን ነው?» አሉ። እኔ ነኝ ስል ኮፍያቸውን አወለቁ። ይግቡ፣ ይቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉኝ።

«አባቢያ እባላለሁ፤ የቲጃኒ አባት። ልጄ የበደለህን ነገረኝ። በጉ በታረደበት ቀን ያጨበጨቡልኝ በአንተ ላይ ኖሯል። አላወቅሁም፤ ግን በልቻለሁ። ሽማግሌ ይዤ መምጣት ነበረብኝ፤ ነገሩ ለሰው የሚነገር ስላልሆነ ብቻዬን መጣሁ» አሉ።

ቲጃኒ፣ እንደ አባቴ ያለ ሰው ራሱን ገልጦ ፊቴ ቆሟል። የምገባበት አጣሁ። እኔ ደግሞ የሠራሁትን እሳቸው አያውቁም፤ አለመንገርህን ከአነጋገራቸው ተረዳሁ። ዝም ብዬ ይቅርታ ሰጪ ሆኜ ልቀመጥ እችል ነበር። ልጆቹን ፈቀቅ እንዲሉ ለምኜ ለአባትህ ነገርኳቸው። «ለልጅዎ የላክሁት የመጀመሪያው ፕሮግራም እንዲጥለው የተጻፈ ነው» አልኳቸው።

ያኔ ተቀመጡ። «ለእሱ ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ተናደደ። ከዚያ ሁለተኛውን ፕሮግራም ጀመረ።»

«ለእኔ ግን አልነገረኝም» አሉ። ከዚያ ውኃ ለመኑኝ። ጠጡ። ማታ ከእኛ ጋር ቆሎ በልተው፣ ሰግደው፣ አልጋዬ ላይ አደሩ፤ እኔ መሬት ላይ። ልጆቹ ሲጸልዩ ከእነሱ ጋር ተንበረከክሁ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጠዋት እስከ መገንጠያው ሸኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሦስት ሰዓት ፈጀብን። መኪናው ላይ ሲወጡ እጄን ይዘው «ጾሙ ሳይገባ መታረቅ ይሻል ነበር። ካልሆነም ጾሙ ውስጥ ና። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ልብስ ሰፊው አባቢያ ብትል ያሳዩሃል» አሉኝ።

ወረቀትህን ኮሚቴው አይቶታል። ከክለቡ መልስ እስኪመጣ በእርሻዎች መካከል በሚደረገው ውድድር እንድሮጥ ተፈቅዶልኛል። ከዚያ በላይ ያለውን አላውቅም። ምናልባት መልሱ አይመጣም።

ይቅርታውን በወረቀት አልጽፍም፤ ወረቀት ላይ የጻፍኩልህን ታውቃለህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ፈቃድ አለኝ። ልምጣ ወይ? ስመጣ አብረን እንሮጣለን። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ደረስክ?

ሆሴዕ


ጅማ፣ ሰኔ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሆሴዕ

አባቴ አጋሮ ደርሶ መጣሁ ብሎ ነው የገባው። ጫማውን ያጠብኩለት እኔ ነኝ፤ ጭቃው የአጋሮ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ የልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ና። ጾም ላይ ስለምሆን የምሮጠው ማፍጠሪያው ሲቃረብ ነው፤ አንተ እስከዚያ እንዳትራብ አባቴ ምሳ ያዘጋጅልሃል።

ስንት ኪሎ ሜትር ላልከኝ፤ ሁለት። ከዘጠኙ ቀን በኋላ ከታች ነው የጀመርኩት። ሁለቱንም በዝግታ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ አቆማለሁ፤ አንተ መቀጠል ከፈለግህ ቀጥል፣ እኔ እዚያው እጠብቅሃለሁ።

ቲጃኒ